ከመርከብ እስከ መርከብ

እኛ ዘንድ የማይቀልድ ዋርሳ ዋርሳ አይባልም። ሰውየው እህትሽን ካገባ ትሰድቢዋለሽ፣ ይሰድብሻል፤ በአፍንጫው ትስቂያለሽ፣ በአረማመድሽ ይስቃል። ከወንድምና ከእህት ጋር በአክብሮት ነው የሚነጋገሩት፣ ቀልድ ነውር ነው፤ ከዋርሳ ጋር ግን ዝም መባባል ማለት አንድም ጠብ፣ አንድም ባዕድነት ነው። ሕጉን ማንም አልጻፈውም። በወንዙ አፍ፣ በምሽጉ ዙሪያ ድንኳን ተክለን የምንኖር ሁሉ ከእናታችን ጡት ጋር የጠባነው ነው። ጊልበርት ላውቲት ግን ካደገ በኋላ ከእኛ ተማረው፤ ከተማረም በኋላ ከእኛው ብሶ ቁጭ አለ።

ጊልበርት የምሽጉ በርሜል ሠሪ ነበር። ከባሕር ማዶ፣ ዛፍ ከማይበቅልባት ነፋሻ ደሴት የመጣ፣ አንገቱ ያጠረ፣ ትከሻው የሰፋ ሰው። ዛፍ በሌለበት አገር ተወልዶ እንዴት እንጨት ሠሪ እንደሆነ ብጠይቀው፣ ስላላየሁት ነዋ የጓጓሁት አለኝ። በመኸር ዝይዎቹ ወደ ደቡብ ሲተሙ አባቴ ኪዌቲን ከአዳኞቹ ጋር ይተኩሳል፣ እኛ ሴቶች ላባ እንነጫለን፣ የምሽጉ ሰዎች ደግሞ ሥጋውን በጨው እየለወሱ በርሜል ውስጥ ይጠቀጥቃሉ። በርሜሉ ካፈሰሰ የጨው ውኃው ይወጣል፣ ሥጋው ይሸታል፣ መጋቢት ላይ ሃያ ሦስት ነጭ ሰው ጫማውን መቀቀል ይጀምራል። የጊልበርት በርሜል አፍስሶ አያውቅም። ስለዚህ በርሜሉን በሚያስርበት ብረት «ቀለበት አጥብቅ» እንለው ነበር።

አሁን ስለ ወረቀቱ ልናገር፣ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሱ ነውና።

መርከብ ወደ እኛ የምትመጣው በዓመት አንዴ፣ በነሐሴ ነው። በረዶው ባሕሩን የሚለቀው ለጥቂት ሳምንት ብቻ ስለሆነ ባሩዱን፣ ጨርቁንና ድስቱን አራግፋ፣ ቆዳውን ጭና፣ በረዶው ሳይዛት ትፈረጥጣለች። ከዚያ እስከሚቀጥለው ነሐሴ ከማዶ አንድ ቃል አይመጣም፣ ከዚህም አንድ ቃል አይሄድም። ምሽጉ የቆዳ ነጋዴ ኩባንያ ነው፤ የኩባንያው ሰው አገሬ ልግባ ካለ ወረቀት ጽፎ በዘንድሮዋ መርከብ ይልካል፤ ምትኩ በሚመጣው ዓመት መርከብ ይመጣል፤ ምትኩ ሲወርድ እሱ ይሳፈራል። አልጋው ሃያ ሦስት ነው፣ ዱቄቱም የሚላከው ለሃያ ሦስት አፍ ነው። ሃያ አራተኛ ሰው የሚባል ነገር የለም።

ጊልበርት ያንን ወረቀት የጻፈው እህቴን ዋፒኮንን ሳያውቃት ነው። ስድስት ክረምት ከርሞ ነበር፤ ብርዱ፣ ትንኙ፣ በየቀኑ ያው ፊት አንገሽግሾታል። ወረቀቱን ለምሽጉ አለቃ ሰጥቶ ሲወጣ አየሁት፤ ጥርስ እንዳለው ያወቅኩት ያን ቀን ነው። መርከቧ ወረቀቱን ይዛ ሄደች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ይሄኛው እንኳ ከአፋፍም አልፎ ባሕር ተሻገረ።

በዚያው መኸር በረግረጉ ላይ ወዳለው የዝይ ሰፈራችን በርሜል ሊጠግን መጣ። ለአራት ቀን ነበር የመጣው። ወንዙ ግን በረዶ መጋገር ጀምሮ ኖሮ ለታንኳ ጠጠረ፣ ለእግር ሳሳ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማዶ ያለ ማዶ ይቀራል፣ ምንም ማድረግ አይቻልም። ሦስት ሳምንት ከእኛ ጋር በአንድ ድንኳን ተዘጋ። ሥራ ሲፈታ ዋፒኮን አጠገብ ተቀምጦ ላባ መንጨት ሞከረ፤ ላባውን ከነቆዳው ገሽልጦ አወጣው። «ይሄ ሰውዬ ዝይዋን ነው የሚያዘጋጀው ወይስ የድሮ ቂም አለው?» አልኩ። አባቴ ሳይቀር ሳቀ። ዋፒኮን አልሳቀችም፤ እጁን ይዛ እንዴት እንደሚነጭ አሳየችው። ነገሩ ያኔ ገባኝ።

ወንዙ ሲጸና ወደ ምሽጉ ተመለሰ፤ ዐሥር ቀን ሳይሞላው በበረዶ ጫማ እየተደናቀፈ መጥቶ ዋፒኮንን ስጠኝ ብሎ አባቴን ጠየቀ። አባቴ ስለ ወረቀቱ ያውቃል፣ ሁሉም ያውቃል። በነሐሴ ትሄዳለህ አለው። ጊልበርት ወረቀቱን እሽረዋለሁ ብሎ ማለ፤ ከልቡ ነበር፣ አባቴም ልቡን አይቶ ሰጠው። በገና ሰሞን ሁለተኛ ወረቀት ጽፎ፣ የፊተኛውን ተውልኝ፣ እዚሁ ልኑር ብሎ ለአለቃው ወሰደ። አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም። አንብቦ ሲያበቃ «ጥሩ ነው፣ በመጀመሪያው መርከብ እልክልሃለሁ» አለው። የመጀመሪያው መርከብ ማለት ምትኩን ይዛ የምትመጣው ናት። ጊልበርት ይህን ሲነግረን እየሳቀ ነበር፤ ከዚያ በመሃል መሳቁን ተወ።

እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። በረዶው መሰንጠቅ ሲጀምር ቀይ ጨርቅ ወስጄ በባሕሩ ዳር ጥድ ላይ አስሬ፣ ዘንድሮ በረዶህን አትልቀቅ፣ መርከቧን አታስገባ ብዬ ባሕሩን ለመንኩት። መርከቧ ካልገባች ባሩድ እንደሌለ፣ ባሩድ ከሌለ የአባቴ ጠመንጃ ዱላ እንደሚሆን አውቃለሁ። እያወቅኩ ለመንኩ። እህቴ አርግዛ ነበር፣ ጊልበርትንም ወድጄዋለሁ። ወድጄው እንደነበር ይታወቅልኝ።

ባሕሩ አልሰማኝም። በነሐሴ የመርከቧን መምጣት የሚያበስረው የምሽጉ መድፍ ጮኸ፣ ከጀልባዋም ምትኩ ወረደ። ሮበርት ሃርከስ ይባላል፤ ጆሮዎቹ ከፊቱ ቀድመው የሚደርሱ፣ እግር ያበዛ ረጅም ሰው። ጊልበርት አለቃውን እንጨት ልፍለጥ፣ ወጥ ልሥራ፣ ውሾቹን ልጠብቅ ብሎ ለመነው። መልሱ ያው ሃያ ሦስት ነው። ፊርማው አልቋል፤ አዲስ ፊርማ የሚገኘው ደግሞ ባሕር ማዶ ብቻ ነው። እህቴን ይዟት እንዳይሄድ መርከቧ የዚህን አገር ሴት አትጭንም። አባቴ፣ ከእኛ ጋር ወደ ወንዙ ራስ ውጣ፣ መርከቧ እስክትሄድ ተደበቅ አለው። ጊልበርት ግን አለቃው የኩባንያውን ሰው ለደበቀ ድንኳን በሩን እንደሚዘጋ፣ ባሩድም እንደሚከለክል ያውቃል። በዝይ የሚኖርን ቤተሰብ ባሩድ ማሳጣት መግደል ነው። እምቢ አለ።

«ለመምጣት ያለኝ መንገድ መሄድ ብቻ ነው» አላት ዋፒኮንን፣ እኔ ቆሜ እየሰማሁ። «እዚያ ሄጄ እፈርማለሁ። በሚመጣው መርከብ እመጣለሁ።»

ይህንን ቃል እኔ ቀድሜ ሰምቼዋለሁ። የእኔው ሰው አንጥረኛ ነበር። በሚመጣው መርከብ ብሎ፣ መጥረቢያ ማስታወሻ ትቶልኝ ሄደ። አምስት ነሐሴ ዳር ቆሜ የጀልባ ሰው ቆጠርኩ። በአምስተኛው አንድ መርከበኛ ሰውዬው በደሴቱ አግብቶ ሁለት ልጅ እንደወለደ ነገረኝ። መጥረቢያውን የውሻ ሥጋ መክተፊያ አደረግኩት። ስለዚህ ጊልበርት ለእህቴ የገዛ መላጊያውን ትቶላት ሲሄድ በልቤ፣ ደግሞ ይሄ መላጊያ፣ አልኩ። መላጊያው የአባቱ ነው፤ ምላጩ ትንሽ ተሸርፎ ስለነበር እንጨት ላይ ሲሄድ በስተመጨረሻ ያፏጫል። «ሠራተኛ ዕቃውን ትቶ አይጠፋም» አላት።

ጀልባው ላይ ሆኖ ወደ እኔ ዞሮ ጮኸ። «ዋርሳ፣ እስክመጣ እንዳታገቢ፤ ሙሽራውን ማስጠንቀቅ አለብኝ።»

«አንተ ብቻ ባሕሩ ውስጥ አትውደቅ» አልኩት፤ «ዓሣዎቹ ምን በደሉ?»

ዳር የቆመው ሁሉ ሳቀ። ዋፒኮን ሆዷን ይዛ መርከቧ ነጥብ እስክትሆን ቆመች።

ልጅቷ የተወለደችው የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ሰሞን ነው። ስም የሚያወጡት ሽማግሌ መጡ፤ ዋፒኮን ትምባሆ ሰጥታ አመስግና መለሰቻቸው። ስሟ አባቷ ሲመጣ ይውጣ አለች። ሽማግሌው ተቀይመው ሄዱ። ልጅቷን ስም ስለሌላት «ትንሿ» እያልን ኖርን።

ያ ክረምት እንደገባ የአባቴ ጠመንጃ እጁ ላይ ፈነዳ። ሦስት ጣቱ ሄደ፤ የቀሩትም ማጠፍ አልቻሉም። የዝይ አዳኞች ሁሉ አለቃ የነበረ ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሴቶቹ የሚያመጡትን ይጠብቅ ጀመር። የምናመጣውም ጠፋ። ጥንቸል በየተወሰነ ዓመት ከአገሩ ድራሿ ይጠፋል፤ ያን ዓመት ጠፋች። ዋፒኮንና እኔ ሌሊት የጣለውን በረዶ እየጠረግን በየማለዳው አርባ ወጥመድ እንዞር ነበር፤ አንዳንድ ቀን አንድ፣ ብዙ ቀን ባዶ። ጎረቤት ያካፍላል፣ እኛ ዘንድ ያለው ለሌለው መስጠቱ ግዴታ ነው፤ ግን ማንም የለውም ነበር። ምሽጉ ለአባቴ የቆየ አገልግሎት ብሎ ትንሽ አጃ ሰጠን። የምሽጉ ሰው ሚስት ብትሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እሷ ከባሏ ማዕድ ትበላለች፣ ልጇም ምድጃ ዳር ትተኛለች። ይህንን ሦስታችንም እናውቀዋለን፣ ማንም ከአፉ አላወጣውም።

አዲሱ በርሜል ሠሪ ሃርከስ በዚያ ክረምት ድንኳናችንን መጎብኘት ያዘ። ቋንቋችንን አያውቅም። ቆቡ ውስጥ አጃ ይዞ ይመጣል፣ ያስቀምጣል፣ ይቀመጣል፣ ትንሿን ያያታል፣ ይሄዳል። በኋላ ነው ከገዛ ድርሻው ግማሹን እንደሚያመጣ የሰማሁት፤ ሱሪው ላላ፣ ጆሮዎቹ ባሰባቸው። አንድም ቀን እጁን ወደ እህቴ አልዘረጋም። ክፉ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ።

በእባብ የተነደፈ በልጥ ይደነግጣል ይላሉ፤ እኔ በልጥ መደንገጥ አልፌ ሌላውንም አስደነግጥ ጀመር። ጊልበርት አይመጣም ማለት ጀመርኩ። መጀመሪያ በቀልድ፣ ቀጥሎ በምክር፣ ከዚያ በየቀኑ። ወጥመድ ስንዞር እላታለሁ፣ እንጨት ስንሸከም እላታለሁ። አሁን ደሴቱ ላይ እግሩን እሳት ዳር ዘርግቷል እላታለሁ። ዋፒኮን መልሷ አንድ ነበር፤ እስከ መርከብ። እስከ መርከብ ልጠብቀው፣ ካልመጣ ያኔ አውቃለሁ።

ዝይ በግንቦት መጣች። ሰማዩ ሞልቶ እየጮኸ ሲያልፍ አባቴ ድንኳን በር ላይ ቆሞ ያየዋል፣ የቀረችውን እጁን እንደ ጠመንጃ አንስቶ ያወርዳል። ሌሎቹ አዳኞች ሰጡን፣ በላን፤ ነገር ግን ዋፒኮን ከከረመችበት ርኃብ አላገገመችም። ወተቷ ደረቀ። ትንሿ ማልቀስ ትታ ዝም ማለት ጀመረች፤ ልጅ ያሳደገ ሰው የዚያን ዝምታ ትርጉም ያውቃል። በዚህ መሃል ሃርከስ መጣና በእጁና፣ ቋንቋቸውን ከአንጥረኛው ተምሬ ስለነበር፣ በእኔ አስተርጓሚነት፣ ምሽጉ ግቢ ውስጥ ከሥራ ቤቱ ጀርባ ያለችው ክፍል እንደምትሞቅ፣ አለቃውም እንደፈቀደ ተናገረ። እህቴን ለራሱ እንደፈለጋት ግልጽ ነው። ግን ጠየቀ እንጂ አላዘዘም፤ ጠይቆም መሬት መሬት እያየ ወጣ።

እኔ ያን ማታ እህቴን ለቀቅ አላደረግኳትም።

«ሁለት ወር ነው የቀረው» አለች።

«ሁለት ወር ለማን? ለአንቺ ነው ለልጅቷ?»

«ሲሲፕ፣ ማለልኝ እኮ።»

«ለእኔም ምሎልኛል። መጥረቢያውን ላምጣልሽ? እስካሁን ይቆርጣል።»

ዋፒኮን ትንሿን አቅፋ ጠቀለለቻት። ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «አይመጣም ነው የምትይው? ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ» አልኳት።

አላውቅም ነበር። ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ባሕሩ ዝግ ነው። ግን አልኩት፣ ክረምት ይበርዳል እንደሚባለው አድርጌ ነው ያልኩት። በማግስቱ ዕቃዋን ሰብስባ ወደ ሃርከስ ገባች። ትንሿ በሳምንቷ ጉንጭ አወጣች፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። ልጅቷ በዚያ አጃና በዚያ ምድጃ ነው የተረፈችው።

መላጊያው ድንኳናችን ውስጥ በጠፍር ተንጠልጥሎ ቀርቶ ነበር። የሃርከስ መላጊያ በጉዞው የባሕር ውኃ ጠጥቶ ተሰንጥቋል፤ ሳንቃ በቢላዋ ሲፍቅ አየዋለሁ። አንድ ቀን ጠፍሩን ፈትቼ ወስጄ ሰጠሁት። ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ነው አልኩ ለሰው። እውነቱ ግን ያ ዕቃ እዚያ ተንጠልጥሎ ሲያየኝ አልወደድኩም። ሃርከስ የማን ነው ብሎ ጠየቀኝ። የማንም አይደለም አልኩት።

መርከቧ ልትመጣ ሰባት ሳምንት ቀርቷት ነበር።

መድፉ ሲጮኽ ዳር ላይ ዓሣ እየሰነጠቅኩ ነበርኩ። እንደ ልማዴ ቀና ብዬ ከጀልባዋ የሚወርዱትን ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት። ሦስተኛው አንገተ አጭር ነው።

ጊልበርት ውኃውን እየረገጠ መጣ። በብብቱ ትንሽ የእንጨት ገንዳ ይዟል፤ መርከቧ ላይ ከተራረፈ ሳንቃ የሠራት፣ ለሕፃን ማጠቢያ የምትሆን። አየኝና ፊቱ በራ።

«ዋርሳ፣ አሁንም አለሽ? ትንኞቹ ምን ነካቸው፣ ጣዕም አጡብሽ?»

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። እሱ እየሳቀ ቆሞ መልሴን ጠበቀ፤ መመለስ አለብኝ፣ ሕጉ ነው፣ ዓመት ሙሉ ይዞት ከርሞ ባሕር ያሻገረው ቀልድ መሆኑን ያስታውቃል። ቢላዋው እጄ ላይ እንዳለ ቀረሁ። መመለስ የነበረብኝ ጊዜ አለፈ፣ ሳቁም ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ለቀቀ።

«ልጁ ሞተ?» አለኝ።

ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ።

«ዋፒኮን?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ያኔ ከላይ ከሥራ ቤቱ ድምፅ መጣ። መላጊያ ሳንቃ ላይ ይሄዳል፣ በስተመጨረሻም ያፏጫል። ጊልበርት ቀና አለ። ያንን ፉጨት ከልጅነቱ ጀምሮ ነው የሚያውቀው። ሌላ ምንም ሳይጠይቀኝ ዳገቱን ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት፣ ለምን እንደተከተልኩት አላውቅም።

ሃርከስ ሳንቃ እየላገ ነበር። ትንሿ ከእግሩ ሥር ፍቅፋቂው ውስጥ ተቀምጣ ትጫወታለች። እህቴ መስኮቱ ዳር ጫማ ትሰፋለች። ጊልበርት በሩ ላይ ቆመ። ሃርከስ መጀመሪያ ሰውየውን አየ፣ ከዚያ ሰውየው የሚያየውን አየ፤ መላጊያውን። ፊቱ ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ጆሮዎቹ ቀላ። ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ መያዣውን ወደ ጊልበርት አዞረለት። ጊልበርት አላነሳውም። ገንዳዋን መሬት ላይ አስቀመጣት፤ ትንሿ እየዳኸች መጥታ በመዳፏ ትመታት ጀመር።

በመጨረሻ የተናገረችው ዋፒኮን ናት።

«ስም አላወጣሁላትም» አለችው። «ለአንተ ብዬ አቆይቼው ነበር።»

ከዚያ ልጅቷን አነሳች፣ በሁለቱ መካከል አልፋ ወጣች፣ ወደ አባቴ ድንኳን ገባች። ከሁለቱም ወደ አንዱ አልሄደችም። በኋላ አለቃው ልጠይቅሽ ብሎ ሲያስጠራት፣ እኔ መላጊያ አይደለሁም፣ ከእጅ ወደ እጅ አልዞርም፣ ሁለቱ በአንድ ግቢ እያሉ ከድንኳኔ አልወጣም ብላ መለሰችለት።

ጊልበርት ደግሞ መውጫ የለውም። የበርሜል ሠሪው ቦታ ስለተያዘ፣ አገሩ በሚገባ አንድ የቀን ሠራተኛ ምትክ ለአምስት ዓመት ፈርሞ ነው የመጣው። እንጨት ሊፈልጥ፣ በረዶ ሊጠርግ። ቦታው ዝቅ ቢልም ወደ እሷ የሚያመጣው ያ ብቻ ስለነበር ፈረመ። አሁን ልሂድ ቢል ወረቀት ጽፎ ዓመት መጠበቅ አለበት፤ ልቆይ ቢል ሃርከስ አጠገብ ባለው አልጋ መተኛት አለበት።

ያን ዕለት ከሰዓት ታንኳዎቹ ዳር ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። እህቴን እንዲጠላት አልፈለግኩም። ስለዚህ ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

«እሷ መጠበቅ ፈልጋ ነበር» አልኩት። «አይመጣም ያልኳት እኔ ነኝ። መላጊያውንም የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ይሰድበኛል ብዬ ተስፋ አደረግኩ፤ ቢሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

«ያንን አንጥረኛ ስንት መርከብ ጠበቅሽው?» አለኝ።

«አምስት።»

«ለእኔ አንድ አልጠበቅሽልኝም።»

ተነሥቶ ሄደ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት በር ላይ ስንገናኝ ቆቡን አውልቆ «እህቴ፣ እንዴት አደርሽ?» አለኝ። ለሌላ ሰው ፍቅር ይመስላል፤ ከእህት ጋር ግን አይቀለድም።

መርከቧ ሳትነሣ ሃርከስ ወደ አለቃው ገብቶ አገሬ ልግባ፣ የበርሜል ሥራውን ጊልበርት ይያዝ የሚል ወረቀት ሰጠ። አንድ ዓመት ብቻ የሠራ ሰው ስለሆነ ሁሉም ገረመው። ማንንም አላማከረም፣ ለማንም አልነገረም፤ አለቃው ነው የነገረን። ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት እንዴት እንደምናገረው አላውቅም። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ይበሉ ነበር። ሃርከስ በርሜል ሲሠራ ጊልበርት ሳንቃውን ይፈልጥለታል፤ መላጊያውን ግን ሃርከስ ዳግመኛ አልነካውም፣ በተሰነጠቀው የራሱ ተጨማለቀ፣ በዚያ መኸር ሁለት በርሜል ዝይ ፈሰሰ። ሁለቱም አጃ ይዘው ወደ ድንኳናችን ይመጣሉ፣ በተለያየ ሰዓት። ዋፒኮን ከሁለቱም ትቀበላለች፣ ሁለቱንም አታስቀምጥም። ጊልበርት ለልጅቷ የእናቱን ስም ሰጣት፣ ዩፋን አላት፤ ተቀይመው የነበሩት ሽማግሌም መጥተው የእኛን ስም ጨመሩላት። እሷ ግን የማንንም ጠብ አታውቅምና ሃርከስን በሩቁ ስታይ እጇን ትዘረጋለች። በዚህ ጊዜ ጊልበርት ፊቱን ወደ ወንዙ ያዞራል። በረዶ አራቱንም በአንድ ቦታ ቆልፏቸው የቀራቸው ነሐሴን መጠበቅ ብቻ ነበር።

ነሐሴ መጣ። ሃርከስ ሲሳፈር ለማንም ምንም ቃል አልገባም። ዩፋንን አንዴ አቅፎ መልሶ ሰጠ፤ ጀልባዋ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ። ዋፒኮን መርከቧ ነጥብ እስክትሆን አልቆመችም። ድንኳን ገብታ ዕቃዋን ሰበሰበች፣ ከሥራ ቤቱ ጀርባ ወዳለችው ክፍል ገባች፣ ጊልበርት መላጊያውን አነሣ።

ከዚያ ወዲህ አራት ልጅ ወለዱ። በርሜሉ እንደ ድሮው አያፈስም። አባቴ እስኪሞት የሚበላው ከጊልበርት ቤት ነበር። ጊልበርት ከአጎቶቼ ሴት ልጆች ጋር፣ ከአክስቶቼ ልጆች ጋር፣ ዋርሳ ከሆነች ሁሉ ጋር ይቀልዳል፤ ሳቁ ከግቢው ወዲህ ይሰማል። እኔ ስታመም እንጨት ይፈልጥልኛል፣ ሥጋ ያመጣልኛል፣ መንገድ ይለቅልኛል። አንድ ቀን አልበደለኝም።

እኔ ግን በየነሐሴው መድፉ ሲጮኽ ዳር እወርዳለሁ። እሱም ጭነት ለማውረድ ይወርዳል። አጠገቡ ቆሜ አንድ ነገር እወረውራለሁ፤ ስለ ሆዱ፣ ስለ መላጣው፣ ስለ አንገቱ። የሚቆሙት ይስቃሉ። እሱ ፈገግ ይላል፣ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ ወደ ጭነቱ ይመለሳል። ዐሥራ ዘጠኝ መርከብ እንዲህ አለፈ።

ያለፈው ክረምት የሳንባ በሽታ ይዞት ተኛ። ዋፒኮን ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ጎንበስ ብዬ፣ «ቀለበት አጥብቅ፣ ይሄን ትከሻ የሚያስገባ ሣጥን ማን ይሠራልሃል? ያለን አንድ በርሜል ሠሪ አንተ ነህ» አልኩት። ዓይኑን ከፈተ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ስላስታመምሽኝ አመሰግናለሁ፣ እህቴ» አለኝ።